«ኔትወርክ የለም»፦ ከቤት ርቆ በሚሠራበት ኢንተርኔት የአማርኛ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት ሥራ ሲመዘን የኖረው በአብዛኛው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ነው። ቃሉ ከየት ተገኘ፣ እንዴት ተመሠረተ፣ ከምንጩ ቋንቋ ቃል ጋር ምን ያህል ይመጣጠናል እየተባለ ይመረመራል። በዚህ ጽሑፍ ግን ስያሜዎቹን ከጠረጴዛ አንሥተን መንገድ ላይ ልንመዝናቸው አስበናል። የምንመለከተው ከቤትና ከመሥሪያ ቤት ርቆ፣ በእጅ ስልክ አማካይነት በሚሠራበት ኢንተርኔት ዙሪያ ያሉትን የአማርኛ ቃላት ነው። መነሻ ያደረግናቸውም የአንድሮይድ ስልኮች የአማርኛ ምናሌ፣ የቴሌኮም ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው የሚጽፉበት ቋንቋና መንገደኛው ራሱ የሚናገረው አማርኛ ናቸው።

ለማመሳከሪያ የመረጥነው ቦታ ሐሮ ወንጪ ነው። በአምቦና በወሊሶ መሐል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ አፋፍ የተከበበው ይህ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ በገበታ ለሀገር ከታሰቡት ሦስት ሥፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው የቱሪዝም መንደሮች መካከል ተቈጥሯል። ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በጊንጪና በአምቦ በኩል የሚመጣው ጎብኚ አፋፉ ላይ ሲደርስ ፈረስ ይከራያል፤ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ በጀልባም ወደ ቂርቆስ ደሴት ይሻገራል። በዚህ ሁሉ መካከል ፎቶግራፍ ይልካል፣ ካርታ ይከፍታል፣ ሒሳብ በስልኩ ይከፍላል፣ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገራል። የሚያነጋግሩት ባላገሮች አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ የሚናገረው አማርኛ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ስልክ ደግሞ በእንግሊዝኛ ታስቦ የተሠራ ነው። ስያሜን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ስለ ቦታው ስም አንድ ነገር በጨረፍታ እንበል። «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ስለሆነ «የሐሮ ወንጪ ሐይቅ» የሚለው አጻጻፍ ሐይቁን ሁለት ጊዜ ይጠራዋል። የመጀመሪያዋ «ሐ» ራሷም ከአማርኛው «ሐይቅ» ተጎትታ የመጣች ትመስለናለች፤ ኦሮምኛው ሐመሩን «ሐ» ከሃሌታው «ሀ» ለይቶ አያውቅምና። በስልኩ ካርታ ላይ ቦታውን በአማርኛ የሚፈልግ ሰው በየትኛው «ሀ» መጻፍ እንዳለበት የሚነግረው የለም። ይህ የፊደል ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ እንተወውና ወደ ምናሌው እንለፍ።

የስልኩ ምናሌ መንገደኛው ኢንተርኔት የሚያገኝበትን ቁልፍ «የተንቀሳቃሽ ስልክ ውሂብ» ይለዋል። «ስልክ» ከዐረብኛ የተወሰደ፣ በመጀመሪያ ትርጉሙም ሽቦ ማለት ነው። ስለዚህ «ተንቀሳቃሽ ስልክ» በሥረ ቃሉ «የሚንቀሳቀስ ሽቦ»፣ «ገመድ አልባ ስልክ» ደግሞ «ሽቦ የሌለው ሽቦ» ይሆናል። በዚህ የሚሥቅ ቢኖርም ጉዳት የለውም፤ ቃሉ ሽቦነቱን ከረሳ ዘመን አልፎታል። የኦሮምኛው «ቢልቢላ» በዚያው አንጻር ደወል ማለት ነበር፤ አማርኛው ዕቃውን በሽቦው ጠርቶ ግሡን «ደወለ» ሲል ከደወል አወጣው፤ ኦሮምኛው ግን ዕቃውንም ድርጊቱንም ከደወል አወጣ። ሁለቱም ቋንቋዎች ያለ ማንም ትእዛዝ የሠሩት ሥራ ነው፤ ሁለቱም ዛሬ ጤናማ ቃላት ናቸው።

«ውሂብ» ግን ሌላ ነገር ነው። ቃሉን ያበጀው ባለሙያ አስቦበት እንደ ሠራው አይካድም። የላቲኑ ቃል «የተሰጠ ነገር» ማለት ስለሆነ፣ ግዕዙ «ወሀበ» ማለትም «ሰጠ» ተፈልጎ ከእሱ ወጥቷል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አማርኛም ከዚሁ ሥር «ሀብት» የሚለውን ቃል ስላለው ሥሩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ችግሩ ቅርጹ ላይ ነው። በግዕዝ ሰዋስው «ውሂብ» እንደ «ክሂል» ሁሉ ንዑስ አንቀጽ ነው፤ ይህም «መስጠት» ማለት ነው። «የተሰጠ» ለማለት የሚያስፈልገው እንደ «ክቡር» እና እንደ «ጽሑፍ» የሚሄደው ሳድስ ቅጽል፣ «ውሁብ» ነበር። ስለዚህ የስልኩ ምናሌ የተሰጠውን ነገር ትቶ የመስጠቱን ድርጊት ሰይሟል። ግዕዝ የማያውቀው ተጠቃሚ ይህን አያስተውልም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግዕዝ የማያውቀው ተጠቃሚ ቃሉን ራሱን አያውቀውም። ወይ የ«ውህድ» ስሕተት ይመስለዋል፣ ወይም ሳያነበው ያልፋል። ግዕዝን መሠረት ያደረገ ቃል ለሊቁ የማይጠነቀቅ፣ ለተራውም የማይገባ ከሆነ ለማን እንደ ተሠራ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ቅርጹ ቢታረም እንኳ ዋናው ጉድለት አይድንም። ጉድለቱ ተርጓሚው ከፊቱ ያለውን የአማርኛ ቃል ሳይሆን ከኋላው ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል መተርጎሙ ነው። «ዳታ» በአማርኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ መንገደኛውን ማዳመጥ ይበቃል። «በዳታ ነኝ፤ ቪዲዮ አትላክልኝ» ይላል። ይህ ዐረፍተ ነገር ስለ አኃዝ ወይም ስለ መረጃ ምንም አይናገርም። ተናጋሪው ከቤቱ ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ውጭ መሆኑን፣ የሚጠቀምበትን እየሰፈረ እንደሚከፍል፣ ከዚህም የተነሣ ጓደኛው እንዲራራለት ይናገራል። «በዳታ» እና «በዋይፋይ» በዛሬው አማርኛ ተቃራኒ ቃላት ናቸው፤ አንደኛው ውጭን፣ ሁለተኛው ቤትን ያመለክታል። በተመራማሪ እጅ ያለው «ዳታ» እና በመንገደኛ እጅ ያለው «ዳታ» ስለዚህ በአንድ መስፈሪያ የሚሰፈሩ አይደሉም፤ መዝገበ ቃላት ሁለቱን በሁለት ፍች ለይቶ ማስገባት አለበት። ለተመራማሪው «መረጃ» ወይም «ውሁብ» ይበቃ እንደ ሆነ ባለሙያዎቹ ይከራከሩበት። ለመንገደኛው ግን «ዳታ» ራሱ አማርኛ ሆኖ አድሯል፤ «አበራ፣ አጠፋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ፣ አለቀ፣ በላ» ከሚሉት ግሦች ጋር ያለ ችግር ይሄዳል። «ሜጋ አለቀብኝ» የሚለው አነጋገር እንኳ ምንም ያህል ጆሮ ቢቆረቁር፣ ከሙሉ ስሙ ተቈርጦ በራሱ የቆመ መስፈሪያ ስለሆነ ሊመዘገብ ይገባዋል እንላለን።

ሌሎቹን የምናሌ ቃላት በአጭሩ እንለፋቸው። «የአውሮፕላን ሁነታ» የሚያስቸግር አይደለም። «መገናኛ ነጥብ» ሰው የሚቀጣጠርበትን አደባባይ ያስመስላል። ስልክን ለሌላ ሰው ኮምፒውተር የኢንተርኔት ምንጭ ማድረግን «እንደ ሞደም መሰካት» ማለት ግን ያሳዝናል፤ በአየር ሲጋራ የሚሰካ ነገር የለም፣ ሞደም የሚባለውንም ዕቃ የዛሬው ወጣት አያውቀውም። ሕዝቡ «ሆትስፖት ክፈትልኝ» ይላል። «ኢንተርኔት ማጋራት» ቢባል ማን ይቃወማል?

የቴሌኮም ድርጅቶች ቋንቋ ከምናሌው የተሻለ ሆኖ ማግኘታችን ራሳችንን አስደንቆናል። ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረበት ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ጊዜ ውስጥ ከሸማቹ ጋር መነጋገር ግድ ስለ ሆነባቸው ይመስለናል። «ጥቅል» የሚለውን እንመልከት። ሸማኔው፣ ነጋዴውና የቤት እመቤቷ ሁሉ የሚያውቁት ቃል ነው፤ ተመጥኖና ታስሮ የሚሸጥን ነገር በትክክል ይገልጻል፤ «ዕለታዊ ጥቅል፣ ወርኃዊ ጥቅል» እያለ በቀላሉ ይራባል። የስልኩ አካል «ቀፎ» መባሉም እንዲሁ ነው። ንቡ ሲገባበት የሚሠራ፣ ንቡ ሲወጣ ባዶ የሚቀር ዕቃ፤ ሲም ካርድ የሌለውን ስልክ ከዚህ ይልቅ ምን ይገልጸዋል? እነዚህን ሁለት ቃላት በየትኛውም የስያሜ ጉባኤ ላይ በኩራት ማቅረብ ይቻላል።

ሮሚንግ የሚባለው አገልግሎት ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት፤ ከቤት መራቅን ስሙ ራሱ የተሸከመው እሱ ነውና። አንድ ደንበኛ ከራሱ ድርጅት መረብ ወጥቶ በሌላ ድርጅት መረብ ሲስተናገድ የሚሠራበት ቃል ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን አንድ አገልግሎት ሰጪ ብቻ ስለ ነበረ ቃሉ የሚያስፈልገው ወደ ውጭ አገር ለሚሄድና ከውጭ ለሚመጣ ሰው ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ግን የአንዱ መረብና የሌላው መረብ ልዩነት ለአገሬውም ሰው ትርጉም አግኝቷል። ምናሌው ለዚህ «ዝውውር» የሚል ቃል ይሰጣል። «ዝውውር» በአማርኛ የሠራተኛ ዝውውር ነው፣ የገንዘብ ዝውውር ነው፣ ከዚያም ሲከፋ ሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር ነው። በሁሉም ውስጥ የሚያዛውር ሌላ አካል አለ፤ ተዛዋሪውም ወደ ነበረበት ይመለሳል አይባልም። ከሎንዶን ለዕረፍት መጥቶ ወንጪ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚከፍተው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ማንም አላዛወረውም፤ በሳምንቱም ይመለሳል።

የሙያው ቋንቋ ራሱ ምን እንደሚል ብንመለከት የተሻለ መንገድ እናገኛለን። የስልክ መሐንዲሶች ደንበኛው የተመዘገበበትን መረብ «የቤት» መረብ፣ የደረሰበትን ደግሞ «የተጎበኘ» መረብ ይሉታል፤ በደረሰበት መረብ ውስጥ የሚጻፍበትም መዝገብ የእንግዶች መዝገብ ነው። ይህን የሚያህል የእንግዳና የአስተናጋጅ ሥርዓት ያለው ነገር ለአማርኛ ባዕድ ሊሆን አይችልም። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ በሰው ደጅ የሚቆም መንገደኛ፣ ስሙንና አገሩን ተጠይቆ የሚያድር መንገደኛ በቋንቋችን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አለ። ስለዚህ በበኩላችን «እንግድነት» የሚለውን እናቀርባለን፤ «የእንግድነት ክፍያ»፣ «አስተናጋጅ መረብ»፣ «ስልኩ በእንግድነት ላይ ነው»። እንግዳ አይከፍልም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። ሆቴልም «እንግዶቻችን» እያለ ያስከፍላል።

እስካሁን ያነሣነው ስለ ስሞች ነው። የሂሳችን ከባድ ክፍል ግን ስለ ግሦች ነው። የስያሜ ሥራችን ስም ወዳድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ስም ሲያወጣ ዕቃው ሲሠራና ሳይሠራ ሲቀር ምን እንደሚባል አይጠይቅም። የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲታተም ኢንተርኔት በአገራችን ለሕዝብ የተከፈተው በዚያው ዓመት ስለ ነበረ፣ ያን ታላቅ ሥራ በዚህ መውቀስ ግፍ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የመጣው «በይነ መረብ» ግን ጥሩ ምሳሌ ነው። ቃሉ ለጽሑፍ የሚከብድ አይደለም፤ ጋዜጠኞችም ይጠቀሙበታል። ሆኖም «መረብ» ከገባ በኋላ «ኔትወርክ» የሚለውን ሁሉ «መረብ» እያሉ መተርጎም ተጀመረ። እዚህ ላይ ሥራው ይሰናከላል። አንድ ሰው «መረብ የለም» ቢለን ዓሣ አጥማጅ መሆኑን እንጠይቀዋለን እንጂ ስልኩ አልሠራም ብሎ ነው አንልም። «ኔትወርክ» በአማርኛ የተዘረጋው መሣሪያ ስም አይደለም። የሚመጣ፣ የሚሄድ፣ የሚገባ፣ የሚጠፋ፣ የሚቆራረጥ ነገር ነው። አካሄዱን የወሰደው ከ«መብራት» ነው፤ «መብራት ጠፋ፣ መብራት መጣ» እንደምንል «ኔትወርክ ጠፋ፣ ኔትወርክ መጣ» እንላለን። ኦሮምኛውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ «ሂን ጂሩ» የለም ነው፣ «በዴ» ጠፋ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ከቋንቋ ጥበብ በላይ ይሄዳል። ወንጪ አፋፍ ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ የሚያነሣ ሰው «ኔትወርክ የለም» ሲል ምን ማለቱ ነው? ወደ ሐይቁ ከወረደ ገደሉ የሬዲዮውን ሞገድ ጋርዶት ይሆናል፤ ይህን ጠንቃቃው ተናጋሪ «አይገባም» ወይም «ስልኬ አይዝም» በማለት ይለየዋል። ሞገዱ ሙሉ ሆኖ በበዓል ቀን ሕዝብ በዝቶበት ይሆናል፤ ለዚህ «መጨናነቅ» የሚለው የድርጅቶቹ ቃል ጥሩ ነው። የማማው ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ይሆናል። ጥቅሉ አልቆበት ይሆናል፤ ወይም ጥቅሉ ሳያልቅ ጊዜው አልፎበት ይሆናል። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሕዝቡ በጥሩ ሁኔታ ይለያቸዋል፤ ተጠቅሞ የጨረሰውን «አለቀብኝ»፣ ሳይጠቀምበት የቀረውን ደግሞ «ቴሌ በላብኝ» ይላል። «በላ» እዚህ ላይ ስድብ ሳይሆን ትክክለኛ የፍች ልዩነት ነው፤ የአገልግሎት ውል የሚተረጉም ሰው በሁለቱም ቦታ «ተጠናቋል» ብሎ ቢጽፍ ደንበኛው በምን ምክንያት ገንዘቡን እንዳጣ የማወቅ መብቱን ያሳጣዋል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አገልግሎቱ በትእዛዝ የተዘጋበት ጊዜ አለ። ይህ ለአምቦና ለአካባቢው ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወቅት፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት በግንቦት መጨረሻ ለብሔራዊ ፈተና ሲባል በአገር አቀፍ ደረጃ ተዘጋ። በ2012 ዓ.ም. ከክረምቱ በፊት በወለጋ ዞኖች ለወራት ተዘግቶ በመጋቢት መጨረሻ ተከፈተ፤ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው መንገደኛ ስልኩን ይዞ ኢንተርኔት ወደሌለበት አገር ይገባ ነበር። የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሐጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ ከተገደለ በኋላ፣ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በእነዚህ ቀናት ሁሉ ከቤቱ ርቆ የነበረ ሰው ወደ ቤቱ የሚጽፍበትን መንገድ አጥቷል፤ በስልኩ ላይ የሚያየው ምልክት ግን ገደል ከጋረደው ሰው ምልክት ብዙ የሚለይ አልነበረም።

ቋንቋው በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? ጋዜጣው «አገልግሎቱ ተቋረጠ» ይላል። «ተቋረጠ» በዝናብም፣ በብልሽትም፣ በትእዛዝም ይሆናል። «ተዘጋ» ይሻላል ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን የአማርኛው «ተ-» ተደራጊነትን ብቻ ሳይሆን በራሱ የሆነ ነገርንም ስለሚያመለክት፣ በሩ በነፋስም ይዘጋል። የኦሮምኛው «ጩፈሜ» በ«-አም» ቅጥያው ልክ እንደዚሁ ያሻማል። የማያሻማው ተናጋሪው ራሱ የሚለው ነው፤ «ዘጉት» ይላል፣ በኦሮምኛም «ጩፈን»። አድራጊውን በስም ባይጠራውም አድራጊ መኖሩን በግሡ መድረሻ ያስቀምጠዋል። ይህን ልዩነት ተርጓሚዎቻችን ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግሩም ሆነ ከእንግሊዝኛ ሲያመጡ እየጣሉት መሆኑን በተደጋጋሚ አይተናል፤ «ዘጉት» የሚል የሰው ቃል «ተቋርጦ ነበር» ሆኖ ሪፖርት ውስጥ ይገባል። ተርጓሚው ቃሉን አላዛባም፤ ምስክሩን ግን አሳጥቶታል።

በመዘጋጀት ላይ ለሚገኙ የሙያ ቃላት ጥራዞች ሁሉ ስለዚህ የምናሳስበው ይህን ነው። «ዳታ» እና «ኔትወርክ» ከእንግሊዝኛ ፍቻቸው ተላቀው፣ በአማርኛ በሚናገሩት ትርጉም ይመዝገቡ፤ ግሦቻቸውም ከነምሳሌያቸው አብረዋቸው ይግቡ። «መቋረጥ» ለማናቸውም የአገልግሎት መጉደል አጠቃላይ ቃል ሆኖ ይቀመጥ፤ በትእዛዝ ለሚሆነው ግን «መዝጋት» በአድራጊ ግሥነቱ ለብቻው ይፈታ፤ «መዘጋት» ሲጻፍም ወደዚያ ይመራ። የኦሮምኛውን አቻ የሚያቀርቡ ባለሙያዎች ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ቢጋበዙ፣ ከነሱም ጋር በወንጪ ጎብኚውን በየቀኑ የሚያነጋግሩት የፈረስና የጀልባ ባለሙያዎች ቢጠየቁ፣ «አይገባም»፣ «አይዝም» እና «ጠፋ» የሚባሉት በየትኛው የገደሉ ክፍል ላይ እንደሚለያዩ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።